ከፋሲካ በፊት ትወጫለሽ

ሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን 2017

ድምፄ የለም። ትናንት ጮኼ ጨርሼዋለሁ።

እንዲያ ያለ እሑድ አይቼ አላውቅም። መጋቢ ኤርሚያስ የዋናውን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይዞ መጥቶ ነበር፤ የስደተኞቹ ኅብረት ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን በዓይናቸው አይተው ሊወስኑ። ቀጨኔ ወንዙ ዳር በተከራየናት የቆርቆሮ አዳራሽ የሱዳን፣ የኮንጎ፣ የኤርትራ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። እኔ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፤ ሲላስ ወደ ዓረብኛ ይመልሰዋል፤ ቀጥሎ ወደ ስዋሂሊ። ሲላስ የቡካቩ ልጅ ነው፤ ካርቱም ኖሮ ዓረብኛ፣ እዚህ ኖሮ አማርኛ ለምዷል። ኤርትራውያኑ አማርኛውን ስለሚሰሙ ከሁሉ ቀድመው አሜን ይሉና ሌላው እስኪደርስ ያዛጋሉ። እንዲህ እየተባለ እሳት ከየት ይመጣል?

እሳት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። መድረክ ላይ ልወጣ ስል ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ግዛቸው፣ ከመጋረጃው ወዲያ «ልጅቷ ትምህርቷስ ጥሩ ነው፤ እሳት የላትም እንጂ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጅቷ! ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ።

ስብከቱ አለቀ፤ የጸሎት ሰዓት ሆነ። ሙኒያ ልጇን ታቅፋ ወደ ፊት መጣች። ሙኒያ የኑባ ተራራ ሰው ናት፤ ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ የመጣች። ባሏ ጀላል እዚያው ቀርቷል፤ ይኑር ይሙት አይታወቅም። እሱ እስላም ነው፤ የልጅቷን ስም ሩፋይዳ ያለው እሱ ነው። ሩፋይዳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ትንሽ ዳገት ከወጣች ከንፈሯ ይጠቁራል። እናቷ እስካሁን ታዝላታለች።

እጄን ጫንኩባት። አለቀስኩ። ሽማግሌዎቹ ከፊተኛው ወንበር እያዩኝ ነበር። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ «እንዲህ ይላል ጌታ፦ ከፋሲካ በፊት ከዚህ አገር ትወጫለሽ፤ ይህችም ልጅ ታድጋለች» አልኩ።

ሲላስ ሲተረጉመው አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ጋሽ ግዛቸው በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተንበርከኩ። ሙኒያ ተደፍታ እግሬን ያዘች።

ቃሉ እንዴት እንደመጣ አላውቅም። መጣ። በቃ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ኅብረቱ ይቀጥላል! መጋቢ ደውሎ ነገረኝ። «ይህን ሁሉ ቅባት ደብቀሽን ነው የኖርሽው?» አለኝ።

ስልኬ ሲጮህ ዋለ። አንዷ ከአዲሱ ገበያ፣ «እህት ኢየሩ፣ ለእኔስ ቃል የለሽም?» ትለኛለች። ስኳር አለሽ ወይ እንደሚባለው። «እጸልያለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

እሑድ፣ የካቲት 16

ወንበር አልበቃም። የማናውቃቸው ሰዎች ከየሰፈሩ መጡ። ሙኒያ ነጭ ለብሳ ከፊት ተቀመጠች።

ከአገልግሎት በኋላ ቁስቋም ወጣሁ፣ እማዬ ዘንድ። ነገ ሁዳዴ ይገባል። እማዬ ከቁስቋም ማርያም ደጅ የማትጠፋ ሰው ናት፤ እኔ ጌታን ከተቀበልኩ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ የቅበላ ዶሮዬን ግን አስቀርታብኝ አታውቅም።

ገና ሳልቀመጥ «ትንቢት ተናገርሽ አሉ» አለችኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዳገቱን ወጥቷል።

«ጌታ ሲናገር እናገራለሁ፣ እማዬ።»

«እኛ ጋ አባቶች ስንት ዘመን ዋሻ ተዘግተው እንኳ ‹እሱ ያውቃል ልጄ› ነው የሚሉት። እናንተ ግን ማይኩን ስትጨብጡት ይመጣላችኋል።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ትንሽ ዘግይቼ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ሙኒያ ዕቃዋን እያደለች ነው። ብረት ድስቷን ለጎረቤቷ ለሸክላ ሠሪዋ ሰጠች፤ ብርድ ልብሶቹን ለኮንጎዎቹ። ካናዳ ለመሄድ በስደተኞች ቢሮ ስለ ከፈተችው ኬዝ ግን ማንም አልደወለላትም። «ለምን ይደውላሉ? ጌታ ደውሏል» አለችኝ በዚያች በገበያ አማርኛዋ። ደስ ብሏት ስታያት ልጅ ትመስላለች።

ሲላስ እስከ ታክሲው ሸኘኝ። ታክሲው በር ላይ፣ «እህት ኢየሩ፣ እኔ እዚህ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አፌ ለሁሉም ሰው ተረጎመ። ለእኔ ምንም የለም?» አለኝ።

«ጊዜ አለው» አልኩት።

ጊዜ አለው! ምን ማለቴ ነው? ረዳቱ ግቢ ግቢ ሲለኝ ደስ ነው ያለኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ከሆስፒታል ተደወለ!! ሙኒያ አማርኛዋ ስለማይበቃ የተመዘገበው የእኔ ቁጥር ነው። የሩፋይዳ የልብ ኦፕራሲዮን ወረፋ ደረሰ። ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች፣ በነፃ። መጋቢት 29 ትተኛለች። ተመስገን ጌታዬ፣ ተመስገን! ልነግራት እየሮጥኩ ነው።

ማታ። እምቢ አለች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ትናንት አልተግባባን ይሆናል ብዬ ዛሬ ሲላስን ይዤ ተመለስኩ። በደንብ ተግባብተን ነበር።

«ደረቷ ተከፍቶ እንዴት አውሮፕላን ትሳፈራለች? ቁስሉ እስኪሽር አትበሪም ይሉናል። ፋሲካ ደግሞ ያኔ ያልፋል» አለች በሲላስ አፍ።

«ሙኒያ፣ ጌታ በሐኪምም እጅ ይሠራል።»

«ይሠራል። ካናዳም ሐኪም አለ፤ የተሻለ።»

«ግን ጉዞው... እ... ማለቴ፣ ትንሽ ቢዘገይስ?»

ሲላስ መተርጎሙን ትቶ አየኝ። ከዚያ ተረጎመው። ሙኒያ እጄን ያዘችና ሳቀች። «እየፈተንሽኝ ነው። ታድጋለች ብሎኛል። እሱ ካለ አለ።»

ራሴ ያስተማርኳትን ነው መልሳ ያስተማረችኝ። ስንት እሑድ ቆሜ «ያየኸውን ሳይሆን የተባልከውን እመን» ብያለሁ! ከሁሉ በደንብ የሰማችኝ እሷ ሆነች።

ሩፋይዳ ፍራሹ ላይ ተኝታ ነበር። ትንፋሿ ከበሩ ይሰማል። ስወጣ ነቅታ «ኢየሩ፣ በረዶ ይበላል?» አለችኝ። የካናዳን በረዶ መሆኑ ነው። አማርኛዋ ከእናቷ ይሻላል። ይበላል አልኳት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

መጋቢ ቢሮ ሄጄ እሑድ ስለ ሕክምና እንዲያስተምር ለመንኩት። ሉቃስ ሐኪም ነበር፣ ጢሞቴዎስም ለሆዱ ወይን ታዝዞለታል፣ ምናምን።

«መልካም ነው። ግን አሁን ነው ወይ ጊዜው? ሕዝቡ ‹ትንቢቱ ሊወድቅ ሲል ሐኪም አሉ› አይልም?»

ልነሳ ስል ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ኢየሩ፣ ቃሉ ከጌታ ነው፤ አይደል?»

«ነው» አልኩ።

ነው! ይህ አፍ ለምን እንዲህ ይቸኩላል? ደግሞ የትንሣኤው ኮንፈረንስ ፖስተር ላይ ከተጋባዥ አገልጋዮቹ ጋር ሊያወጡኝ ነው፤ ፎቶ ላኪ አለኝ። ቤት ገብቼ ላክሁለት። ያችን በሰማያዊ ቀሚስ የተነሳኋትን።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

የልብ ሐኪሟን፣ ዶክተር ሐመልማልን፣ አገኘኋት። በጥድፊያ፣ ኮሪደር ላይ። የልጅቷ ሳንባ እየተጎዳ ነው አለች። አሁን ኦፕራሲዮኑ ይሆናል። ከቆየ ግን ቢፈለግም አይሆንም። ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ ደግሞ አይታወቅም።

«እናትየዋን ምን ነክቷት ነው?» አለችኝ።

«እምነቷ ነው» አልኩ።

እምነቷ! የራሴን ጥፋት ለጥፌባት መጣሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ዛሬም ወንበር አልበቃም። ሲሰግዱ፣ ሲያለቅሱ። ሰው ሲበዛ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን መውጫው በር ስንት ሰው እንደሚያስወጣ ሳይ ነበር።

እማዬ ጋ ወጣሁ። ነገሩን ዞር ዞር አድርጌ፣ «አንዲት ሴት እንዲህ አለች» ብዬ አጫወትኳት። ማን እንደሆነች ሳትጠይቀኝ፣ ሽምብራዋን እየለቀመች፣ «ታዲያ ‹ጌታ አሳክሚያት ብሏል› በያታ! አንዴ የተናገረ ሁለቴ ቢናገር ምን ይገርማል?» አለች።

«እማዬ!»

«ምነው? አሁን ደግሞ ሥርዓት መጣ?»

ለቀልድ ይሁን ለነገር አይታወቅም፤ እሷ እንዲህ ናት። ዳገቱን እየወረድኩ ነገሩ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

አደረግሁት።

ሙኒያ ቤት፣ ሲላስ ባለበት፣ ዓይኔን ጨፍኜ «እንዲህ ይላል ጌታ፦ ልጅሽን ለሐኪሞቹ ስጪ» አልኩ። ልጅቷ መታከም አለባት፤ ይህ እውነት ነው፤ እውነት ለመናገር ምን ኃጢአት አለው? እጄን ስጭን በልቤ ይህንን እየተከራከርኩ ነበር።

ሲላስ ተረጎመ። ሙኒያ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ጉንጬን ነካ አድርጋ በዓረብኛ ቀስ ብላ ተናገረች፤ ሲላስም መለሰልኝ፦ «ያን ቀን እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታለቅሺም ነበር። ያ እሱ ነበር። ዛሬ አንቺ ነሽ። ስለምትወጂን ነው፤ አልተቀየምኩሽም።»

ወይ ጉድ! ያችን የማይረባ ሰዓቴን ጌታ ብላ ትቀበላለች፤ ለአንዴ ደህና ነገር ስናገር አንቺ ነሽ ትለኛለች። ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። በላሁላት፤ ምን ላድርግ!

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

መብራት ጠፍቷል። በስልኬ ብርሃን ነው የምጽፈው። ተኛሁ፣ ተነሳሁ፣ ጸለይኩ፣ ጸሎቱ ከጣሪያው አላልፍ አለ።

ያን እሑድ ምን ሰማሁ? ደጋግሜ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር መስማቴ እርግጥ ነው። እርግጡ ከተነገረ የሰማሁት ጋሽ ግዛቸውን ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ።

ግን እኮ አዝኜላትም ነበር። ልቤ ተነክቶ ነበር። ለሙኒያ መልካም ነገር ለመናገር ብዬ... ይሄው፣ ጀመርኩ ደግሞ። ባለፈው ሳምንት ልነግራት ሄጄ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። ሰኞም ሄጄ ነበር፤ ጎረቤቶቿ ስላሉ ተውኩት። ጎረቤቶቿ ሁልጊዜ አሉ።

ብናገር ኅብረቱ ይዘጋል። እነዚህ ሰዎች ከሳምንት ሳምንት በየቢሮው በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ በስማቸው የሚጠሩት እኛ ጋ ብቻ ነው። ማሚቴ የምንላት ኤርትራዊት አሮጊት ከእሑድ በቀር ከቤት አትወጣም። ይህ ሁሉ ሊፈርስ ነው፣ ለአንድ ልጅ ሲባል።

ለአንድ ልጅ ሲባል ብዬ ጻፍኩ። ጌታ ሆይ! እኔ ነኝ ይህን የጻፍኩት?

እሑድ፣ መጋቢት 28

ነገ መተኛት አለባት። ዛሬ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ ወጣሁ።

ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮው ይጮኻል። መጋቢ ከፊት፣ ጋሽ ግዛቸው ከጎኑ። መዝሙሩ ሳያልቅ ማይኩን ያዝኩ። «የካቲት ላይ ለሙኒያ የተናገርኩት ቃል...» አልኩ። ሲላስ በዓረብኛ፣ ሲላስ በስዋሂሊ። ሰው ሁሉ ፈገግ አለ፤ ሙኒያ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«...ከጌታ አልነበረም።»

ሲላስ ዝም አለ።

ኤርትራውያኑ ሰምተዋል። ማሚቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የአዳራሹ አንድ ጎን ጸጥ ሲል ሌላው ጎን ገና ፈገግ እንዳለ ትርጉሙን ይጠብቃል።

«ሲላስ፣ ተርጉምላቸው።»

«ይህን አልተረጉምም» አለ በአማርኛ። «ለእኔም ጊዜ አለው ብለሽኛል።» ማይኩን ወንበር ላይ አስቀመጠና ከጎኑ ተቀመጠ።

ቤት ስዘጋጅ ስንት ቃል ደርድሬ ነበር! «የሥጋ ስሜት ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል»፣ «በፍቅር ብዛት ተስቼ»፣ «ቃሉን መመዘን ይገባናል»። በአማርኛ ይህን ሁሉ መጋረጃ እየጣልኩበት ልናገር ነበር። የእኔ ዓረብኛ ግን ሴቶቹ ጋ ሽንኩርት ስልጥ የለቀምኳት ናት፤ ለመሸፋፈኛ የሚሆን ቃል የላትም። ሙኒያን እያየሁ ያለችኝን ተናገርኩ፦

«አር-ረብ ማ ጋል። አና ጉልታ።» ጌታ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ሙኒያ እጇን አወረደች። ቆመች። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ፣ እንዳልስተው ብላ ይመስለኛል።

«ትወጫለሽ ያልሽው፣ አንቺ?»

«እኔ።»

«ታድጋለች ያልሽውስ?»

ይህን ትተውልኛለች ብዬ ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንኳ ይህችን አንዷን ለራሴ አስቀርቼ ነበር።

«እሱንም እኔ» አልኳት።

ልጇን አዝላ ወጣች። ያ ሁሉ ሰው መንገድ ለቀቀላት። መጋቢ ማይኩን ከእጄ ወስዶ «እንዘምር» አለ፤ የዘመረ ግን የለም። ጋሽ ግዛቸው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። «እኔ እኮ ያን ቀን ተንበርክኬ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ ብቻ።

ሰኞ፣ መጋቢት 29

ከጠዋት ጀምሮ ሆስፒታሉ በር ላይ ነኝ። መጋቢ «ለጊዜው ዕረፍት ውሰጂ፤ የአዳራሹን ቁልፍ ላኪልን» ብሎ ጽፎልኛል። እልካለሁ።

ካልመጣችስ? ብትመጣስ ምን እላታለሁ? ዶክተር ሐመልማል በመስኮት ሁለቴ አየችኝ።

ከሰዓት። መጣች! ልጅቷን አዝላ፣ ሲላስ ፌስታሉን ይዞ። ቆምኩ። ሙኒያ አጠገቤ አልፋ ገባች፤ ዓይኗ እኔ ላይ አላረፈም። ሲላስም አላየኝም። ግን ዶክተሯ የምትለውን ቃል ሳያስቀር ሲተረጉምላት በተከፈተው በር ሰማሁት፤ አደጋውንም ጭምር።

ሩፋይዳ ብቻ ከእናቷ ትከሻ ላይ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

አስገቧት። ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ እጄን ሥራ ካላስያዝኩት አላርፍም።

ጠዋት የመጣሁት ከሩቅ ልቀመጥ ብዬ ነበር። አልጋውን እየገፉ ሲያልፉ ሙኒያ እስከ መጨረሻው በር ድረስ የልጇን እግር ይዛ ሄደች። በሩ ተዘጋ። ሲላስ ውሃ ሊገዛ ወርዶ ነበር። ሌሎች እናቶችም ነበሩ፤ አንዷ ከቡታጅራ የመጣች፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ምንም አትሆንም፣ እግዚአብሔር አለ» ትላታለች፤ ሙኒያ ትሰማት አትሰማት እንጃ። ከዚያ ዞራ ኮሪደሩን ሁሉ አቋርጣ እኔ ጋ መጣች። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«ለምኚ» አለች በአማርኛ። «አትናገሪ። ለምኚ ብቻ።»

ቆመን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ጸለይኩ። ሁልጊዜ የምጀምርበት፣ የምወጣበት፣ የምወርድበት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። «እባክህ» አልኩ። «እባክህ፣ እባክህ። ልጅቷን ተውላት።» እንደዚያ ብቻ፣ እንደ ለማኝ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።

ዓይኔን ስገልጥ ሙኒያ አፌን እያየች ነው። አትናገሪ ያለችኝ እሷው ናት፤ እሷው ደግሞ ከንፈሬን እያየች ትጠብቃለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ! አንዲት ነገር ብላት እንደምታምነኝ ከፊቷ አየሁ። ምላሴ ላይም መጥቶልኝ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ሁሉም ለሁሉም የሚለው ነው፣ ትንቢት እንኳ አይደለም፣ ማንም አይጠየቅበትም።

«አይዞሽ» አልኳት።

ምንም አትሆንም የሚለውን ዋጥኩት።